ከዶክትሬት በኋላ የምርምር ቦታ ስለ መፈለግ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ርእስ «የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ዕድሎች» የሚል ነበር። ርእሱን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ከሄድሁ በኋላ ግን «ዕድል» የምትለው ቃል ትጎረብጠኝ ጀመር። ዕድል ተቀምጠው የሚጠብቁት፣ ሲመጣም የሚቀበሉት ነገር ነው። በዚህ ጉዳይ በራሴም ሆነ ባስተማርኋቸው ወጣቶች ላይ ያየሁት ሁሉ ግን ቦታው ተፈልጎ፣ ተጠንቶና በጊዜው ተጠይቆ የሚገኝ መሆኑን ነው። ስለዚህ በኮሚቴው ፈቃድ ርእሱን «ስለ መፈለግ» ብዬ ለውጬዋለሁ። ዓመተ ምሕረት በጠቀስሁ ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በእኛ አገር የዩኒቨርሲቲ መሰላል ረዳት ምሩቅ፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። በዚህ መሰላል ላይ ድኅረ ዶክትሬት የሚባል እርከን የለም። ዶክተሩ ዲግሪውን እንደ ያዘ ረዳት ፕሮፌሰር ይባላል፤ ኮርስ ይረከባል፤ ብዙ ጊዜም ዓመት ሳይሞላው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይደረጋል። በሌላው ዓለም ግን በዶክትሬቱና በመምህርነቱ መካከል ሰው ከማስተማር ተፈትቶ ለጥቂት ዓመታት ምርምር ብቻ የሚሠራበት ዘመን አለ። ይህ ልማድ መልክ ይዞ የተቋቋመው በአሜሪካ ሲሆን፣ በ1919 የሮክፌለር ፋውንዴሽን በሰጠው ገንዘብ የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት ለወጣት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ዶክተሮች ፌሎሺፕ መስጠት ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1926፣ ላይነስ ፖሊንግ የጉገንሃይም ፌሎሺፕ ይዞ ሙኒክ ወደ ነበረው ወደ ዞመርፌልድ ዘንድ ሄደ፤ ያን ጊዜ ገና እየተወለደ የነበረውን የኳንተም ሜካኒክስ ተምሮ ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰ፤ በእርሱም የኬሚካዊ ትስስርን ትምህርት እንደ አዲስ ጻፈው። ልብ በሉ፤ ሰውየው ሲሄድ ምን ሊያመጣ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

አሁን ብዙዎቻችን ዘግይተን ወደምናውቀው ነገር ልለፍ። ለአብዛኛዎቹ ታላላቅ ፌሎሺፖች የሚቆጠር ሰዓት አለ፤ ሰዓቱም መቁጠር የሚጀምረው ዶክትሬቱ ከተገኘበት ቀን ነው። የጀርመኑ የአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ፋውንዴሽን በጀማሪዎች ምድብ የሚቀበለው ከዶክትሬቱ ወዲህ 4 ዓመት ያላለፈውን ሰው ነው። የጃፓን የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር በመደበኛው መርሐ ግብሩ 6 ዓመት ይላል። የአውሮፓ ኅብረት በማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ስም በሚሰጠው ፌሎሺፕ በ2025 ጥሪው የወሰነው 8 ዓመት ነበር። ለወሊድና ልጅ ለማሳደግ የዋለ ጊዜ በሁምቦልትና በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ታስቦ ይቀነሳል፤ ይህን ሴቶች ባልደረቦቻችን እንዲያውቁት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ «ጊዜዬ አልፏል» ብለው ሳይጠይቁ ይተዉታልና። ደንብ ስለሚለዋወጥ ከማመልከት በፊት የዓመቱን ጥሪ እንደገና ማንበብ ይገባል።

እስቲ የእኛን ወጣት ዶክተር አስቡት። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ኮርስ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ዓመት ለቤተ ሙከራው ኬሚካል ለማስገዛት ከግዥ ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ግዥ ክፍል ሲመላለስ ይውላል። በሦስተኛው ዓመት ኃላፊ ይሆናል። በአራተኛው ዓመት እፎይ ብሎ ቀና ሲል የጀማሪዎቹ በር ተዘግቶ ያገኘዋል። እርግጥ ነው፣ ሁምቦልት ልምድ ላላቸው ተመራማሪዎችም ምድብ አለው፤ ነገር ግን በዚያ ምድብ የሚወዳደራቸው ሰዎች እሱ ግዥ ክፍል በር ላይ ቆሞ በነበረባቸው ዓመታት ሲያሳትሙ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው ዲግሪው ከተያዘ በኋላ አይደለም፤ የመመረቂያው ጽሑፍ ለፈተና ከመቅረቡ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው።

እንዴት ይፈለጋል? በዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ብነግራችሁ ይሻላል።

ከሃያ ዓመት በፊት ዶክትሬቴን ልጨርስ ስቃረብ አንድ ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ደብዳቤው እጅግ ትሑት ነበር። በተከበረው ዩኒቨርሲቲ፣ በማንኛውም የሥነ ሕይወት ዘርፍ፣ በማናቸውም ጊዜ ለመሥራት ዝግጁ መሆኔን ይገልጻል። ስም ብቻ እየለዋወጥሁ ለ64 ፕሮፌሰሮች ላክሁት። 5 መለሱልኝ። አራቱ በጨዋ ቋንቋ ቦታ የለም አሉ። አምስተኛው «ደብዳቤዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው ለጎረቤቴ ነው» ብሎ መለሰ። ለካ በአንድ ሕንጻ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን ስም አቀያይሬአለሁ። ያን ቀን ያፈርሁት እፍረት ዛሬም አለቀቀኝም፤ ሆኖም ትልቁ ስሕተት የስሙ መለዋወጥ አልነበረም። «በማንኛውም ዘርፍ» ማለቴ ነበር። ማንኛውንም ነገር እሠራለሁ የሚል ተመራማሪ የራሱ ጥያቄ የለውም ማለት ነው፤ ጥያቄ የሌለውን ሰው ደግሞ ቦታ ያለውም ቢሆን አይወስደውም።

የሠራሁት በጤፍ መጋሸብ ላይ ነበር። የጤፍ አገዳ ቀጭን መሆኑን፣ ዘለላው ሲከብድ ነፋስና ዝናብ ካገኘው መተኛቱን ከእናንተ መካከል የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ከብዙ ወራት ዝምታ በኋላ በስንዴ አገዳ ጥንካሬ ላይ የተጻፈ አንድ ጥናት አነበብሁ። ተመራማሪው አገዳውን የለካው ከደረቀ በኋላ ነበር፤ በእኛ ማሳ ግን ጤፍ ብዙ ጊዜ የሚተኛው ገና ለምለም ሳለ ነው። የእሱ መለኪያ ለለምለም አገዳ ይሠራ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ የሁለት ወቅት ልኬቴንም በአንድ ሠንጠረዥ አያይዤ ላክሁለት። ስለ ሥራ አንድም ቃል አላነሣሁም። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ሦስት ጊዜ ያህል ከተጻጻፍን በኋላ «መጥተህ ለምን አንተው አትሠራውም?» ያለኝ እሱ ነው።

ዛሬ ለወጣቶች የምመክረው ከዚያ ጥቂት ይለያል፤ ስለ ሥራ ዝም ማለት አያስፈልግም፤ በግልጽ መጠየቅ ይገባል። ደብዳቤው ግን ከአንድ ገጽ አይለፍ። በመጀመሪያው አንቀጽ የሰውየው የትኛው ጽሑፍ እንደ ተነበበና ከእሱ የተነሣው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ ይነገር። በሁለተኛው አመልካቹ በእጁ ያለው ሙያ ይጠቀስ፤ «ልምድ አለኝ» ተብሎ ሳይሆን በምን መሣሪያ፣ በስንት ናሙና፣ በየትኛው መጽሔት እንደ ወጣ ተገልጾ። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ የሚፈለገውን ነገር በስሙ ይጥራ፤ «በዚህ ዓመት በእንዲህ ያለው ፌሎሺፕ ላመለክት አስቤአለሁ፤ የማመልከቻው ጊዜ በእንዲህ ያለው ወር ያበቃል፤ ተቀባይ ይሆኑኛልን?» ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ መልስ መስጠት ቀላል ነው። ፕሮፌሰሩ የሚጠየቀው ገንዘብ እንዲያወጣ ሳይሆን ፈቃዱን እንዲሰጥ ነውና። አሥር እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች መጻፍ አንድ ወር ይፈጃል፤ እኔ 64ቱን የላክሁት በሁለት ምሽት ነበር።

ይህም ስለ ገንዘቡ ነገር ያመጣናል። ቦታው የሚከፈልበት መንገድ በመሠረቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ አግኝቶ ሰው ለመቅጠር ማስታወቂያ ያወጣል። በስካንዲናቪያ አገሮች ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቦታዎቻቸውን በአብዛኛው በግልጽ ማስታወቂያ ያወጣሉ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ዩራክሰስ በሚባለው መድረኩ ብዙ ማስታወቂያዎችን ይሰበስባል። እዚህ ውጤቱ በጥቂት ወራት ይታወቃል፤ ነገር ግን ሥራው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ሁለተኛው፣ አመልካቹ ራሱ ፌሎሺፕ ይዞ ይሄዳል። ይህ አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል፤ ጥያቄው ግን የራሱ ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ያለ ተቀባይ አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም። ሁምቦልት ከተቀባዩ የተጻፈ ማረጋገጫ ይጠይቃል። በጃፓኑ መደበኛ መርሐ ግብር ደግሞ አመልካቹ በራሱ አያመለክትም፤ በጃፓን ያለው ተቀባይ ተመራማሪ በተቋሙ በኩል ያቀርብለታል። ስለዚህ የማመልከቻው ቀን ሲደርስ ተቀባይ መፈለግ የጀመረ ሰው ዘግይቷል።

ውድድሩ ቀላል ነው ብዬ ማንንም አላታልልም። በ2024 የአውሮፓ ኅብረቱ ጥሪ ከ10 ሺህ በላይ ማመልከቻ ቀርቦ የተሳካላቸው 1,700 ገደማ ነበሩ፤ በ2025 የአመልካቾቹ ቁጥር ከ17 ሺህ አለፈ። በዚያው በ2025 በአሜሪካ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ በመናጋቱ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር አቁመው ነበር። አንድ ጊዜ ወድቆ መተው ግን ስሕተት ነው። የአውሮፓ ኅብረቱ ገምጋሚዎች የማመልከቻውን ደካማና ጠንካራ ጎን ጽፈው ይልካሉ፤ ይህን ጽሑፍ ከተቀባዩ ጋር ቁጭ ብሎ ማንበብ ለሚቀጥለው ጥሪ ግማሽ ዝግጅት ነው።

ሁሉም ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይመልከት የሚል አሳብም የለኝም። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከመላው አህጉራችን ወጣት ዶክተሮችን ይቀበላሉ፤ መንግሥታቸው በታተመ የምርምር ጽሑፍ መጠን ድጎማ ስለሚከፍላቸው የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። ነገር ግን በዚያ ድኅረ ዶክትሬቱ ብዙውን ጊዜ ሠራተኛ ሳይሆን አበል ተቀባይ ነው፤ የጡረታ መዋጮም አይኖረውም። ይህን ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይወቀው። በትሪየስቴ፣ ኢጣልያ፣ ያለው የታዳጊው ዓለም ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ደግሞ ዶክትሬት ላላቸው ሴቶች እስከ 50 ሺህ ዶላር የሚደርስ ድጋፍ የሚሰጠው በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ተቋማቸው ሆነው ምርምር እንዲመሩ ነው። ልጆች ያሏት፣ መሄድ የማትችል ወይም መሄድ የማትፈልግ ባልደረባችን ይህን በር ሳታንኳኳ አትለፍ።

እዚህ ላይ ለእኛ ሙያ የተለየ አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል አለብኝ። ከእጃችን ያለው ትልቁ ሀብት ሌላው የሌለው ነገር ነው፤ ጤፉ፣ እንሰቱ፣ ኑጉ፣ የደጋው ገብስ። የውጭ ፕሮፌሰር በደብዳቤያችን የሚሳበው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ በዚህም ልንኮራ ይገባል። ነገር ግን «ዘሩን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ቃል መግባት በማንም ወጣት ሥልጣን ውስጥ የለም። የጄኔቲክ ሀብት ስለሚገኝበት ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482 ከ2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ፈቃዱም የሚጠየቀው ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለምን እንደምንጠነቀቅ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር፤ የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በዚያ አገር ዋጋ ቢስ ያደረገው በ2018 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «ዘሩ በሕግ መንገድ በሚፈቀድበት ሁኔታ» የሚል ሐረግ ይግባ፤ ፈቃዱም ከጉዞው ብዙ ወራት አስቀድሞ ይጠየቅ። ሐቀኛ ተቀባይ በዚህ ቅር አይለውም። ቅር ያለው እንደ ሆነ ደግሞ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ታውቋል።

አሁን ንግግሬን ወደ እኛ ወደ አንጋፎቹ ልመልስ፤ እስካሁን በወጣቶቹ ላይ ብቻ ፈርጄአለሁና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የምስክርነት ደብዳቤ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። የቀራት ሦስት ሳምንት ነበር። እሺ አልኋት። የፈተና ወረቀት መጣ፤ ስብሰባ መጣ፤ ሌላም ሌላም መጣ። ደብዳቤውን የላክሁት ጊዜው ካበቃ በሁለተኛው ቀን ነበር፤ እሱም ከስድስት መስመር የማይበልጥ፣ ትጉህና ጨዋ መሆንዋን የሚመሰክር ነበር። ማመልከቻዋ ያልተሟላ ተብሎ ተመለሰ። በሚቀጥለው ጥሪ አራት ዓመትዋ አለፈ። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ምናልባት አሁን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ደንብ አወጣሁ። ደብዳቤ እንድጽፍ ስጠየቅ በዚያው ሳምንት እጽፋለሁ፤ ካልቻልሁ በዚያው ቀን አልችልም እላለሁ። ስጽፍም ትጋትና ጨዋነትን ትቼ በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር እጽፋለሁ። ለምሳሌ አንድ ተማሪ ማቀዝቀዣው በመብራት መጥፋት ምክንያት ናሙናውን ሁሉ ካበላሸበት በኋላ ሥራውን በክፍል ሙቀት በሚሠራ ዘዴ አስተካክሎ ጨረሰው። እንዲህ ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው ስለ ተማሪው አሥር የሙገሳ ቃል ከሚነግረው በላይ ያውቃል። ደግሞም አንዳንዶቻችን «ራስህ ጻፍና አምጣ፣ እፈርማለሁ» እንላለን። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ገምጋሚው ሦስቱ ምስክሮች በአንድ እጅ የጻፉ መሆናቸውን በቀላሉ ያያል፤ የሚጎዳውም ወጣቱ ነው።

ሁለተኛው የእኛ ጉዳይ ፈቃድ መስጠት ነው። በትምህርት ክፍላችን ጉባኤ ላይ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ እጄን ለእምቢታ ካነሡት አንዱ ነበርሁ። ምክንያቴም «ኮርሱን ማን ያስተምር?» የሚል ነበር፤ ምክንያቱ እውነት ነው፤ ዛሬም አለ። በዚያ ዘመን አራት ሰዎች ከለከልን። ሦስቱ ሥራቸውን ለቀው ሄዱ፤ ለአንደኛው ዋስ የሆነው አጎቱ ከጡረታው ዕዳ ከፈለ። ኮርሶቹን እንደ ሆነ ያው ሌላ ሰው አስተማራቸው። ፈቅደንላቸው ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ይመለሱ ነበር ብዬ መማል አልችልም። የሚመለሱበትን ወንበር ግን ያነሣንባቸው እኛ ነን።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚቆይበት ጊዜ፣ የሚጠበቅለት የሥራ መደብ፣ ሲመለስ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚቀነስለት የማስተማር ሰዓት ተለይቶ ይጻፍ። ሄያጁም በበኩሉ የሚያመጣውን ዘዴ ወይም መሣሪያ ይግለጽ። ሁምቦልትን የመሰሉ ተቋማት ወደ አገራቸው ለተመለሱ የቀድሞ ባለ ፌሎሺፖቻቸው የመሣሪያ ድጋፍ የሚጠየቅበት መንገድ አላቸው፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚቀመጥበት ክፍልና የሚያንቀሳቅሰው መብራት የእኛ ድርሻ ነው።

ስለ ቃለ መጠይቁ ብዙ አልልም። ዛሬ በአብዛኛው በኢንተርኔት ስለሚደረግ መብራትና መስመር ሊቋረጥ እንደሚችል አስቀድሞ መንገርና ስልክ ቁጥር መስጠት ነውር የለውም። ከዚያ ይልቅ ወጣቶቻችን በጨዋነት ምክንያት የማይጠይቋቸው ጥያቄዎች አሉ። ውሉ የስንት ጊዜ ነው? የሚታደሰውስ በምን ላይ ተመሥርቶ ነው? የጤና መድን ለቤተሰብም ይሆናል? ከሁሉም በላይ፣ ከእርስዎ ቤተ ሙከራ ባለፉት ዓመታት የወጡት ሰዎች አሁን የት ናቸው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ፕሮፌሰሩን ብቻ ሳይሆን የወጡትንም ሰዎች መጠየቅ ይገባል። ስማቸው በታተሙት ጽሑፎች ላይ አለ። የታላቅ ዩኒቨርሲቲ ስም አይቶ ሄዶ በአንድ ማእዘን ተረስቶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ፤ በማይታወቅ ከተማ ከሚገኝ ሰው ዘንድ ሄዶ በሁለት ዓመት አራት ጽሑፍ ይዞ የተመለሰም አውቃለሁ። ለማመልከት ብቻ ገንዘብ ክፈሉ የሚል «ዩኒቨርሲቲ» ካጋጠማችሁ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ስላልሆነ መልስ አትስጡት።

የተመደበልኝ ሰዓት እያለቀ ስለ ሆነ በዚህ ላቁም። ኮሚቴው ባደረገልን ትብብር ከምሳ በኋላ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ በጎን ባለው ትንሽ ክፍል እስከ 11 ሰዓት እንቆያለን። የደብዳቤ ረቂቅ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን። የምስክርነት ደብዳቤ የሚፈልግ የቀድሞ ተማሪ ካለም እዚያው ይንገረኝ፤ በዚህ ሳምንት ይጻፋል። ከመምጣታችሁ በፊት ግን በረቂቁ አናት ላይ ያለውን የፕሮፌሰሩን ስም ሁለት ጊዜ ተመልከቱት።